የሌአቱሎ ግድግዳ

ፋሌታሙ፣ ሳቫኢ ደሴት፣ ሳሞአ
የካቲት 11 ቀን 2007

ለተከበርከው ወንድሜ ለሌአቱሎ ፔኒያሚና፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንተን በባሕር ማዶ፣ እኛን በአባቶቻችን መሬት የሚጠብቅ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ባለቤትህና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኛ ደኅና ነን። አጎታችን ቶማሲ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ አፉ ደኅና ነው። ባለፈው እሑድ መጋቢው ስብከቱን ሲያስረዝምበት ጮክ ብሎ አዛጋና ሰውን ሁሉ አሳቀ።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ እንዳትለኝ። ስልኩ ከሱቁ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ካልወጡ አይሰማም። ኮረብታው ላይ ደግሞ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ጆሮውን ይቀስራል። መንደሩ ሁሉ ከሚሰማኝ አንተ ብቻ ብታነበኝ ይሻላል።

ዜናው ይኸውልህ። የአለቆች ሸንጎ ተቀምጦ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ይፍረስ፣ በቦታው አዲስ ይሠራ ብሎ ቆርጧል። አዲሱ የሲሚንቶ ነው፣ ባለ ሁለት ማማ፣ መስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት። የጎረቤት መንደር አምና ባለ አንድ ማማ ስለሠራ የኛ በአንድ መብለጥ አለበት። አጎት ቶማሲ በሸንጎው መሐል “ያን ሁሉ ወንበር ለማን ነው የምንደረድረው? ግማሻችን ኦክላንድ ነን” ቢል፣ ትልቁ አለቃ ፋቱማሌ “ለቀብርህ ሲመጡ የት ሊቀመጡ ነው ታዲያ?” አለው አሉ።

ዘንድሮ እንደ ድሮው ተነሥቶ ማፍረስ ቀርቷል። ሕንፃው ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው አፒያ ካለው የፕላን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መውጣት አለበት። አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ የሚል ማስታወቂያ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ተለጥፏል። ያነበበው የለም፤ ግርጌውን አሳማ በልቶታል።

ማዕረግ የተቀበሉ ወንዶች ሁሉ፣ ባሕር ማዶ ያሉትም ጭምር፣ እንዲያዋጡ ተጠይቋል። የቤተሰባችንን ስም የተሸከምከው አንተ ነህና አደራ፣ የቻልከውን ላክ። ጣራው በሴቶቹ በኩል እንደሚያፈስ ታውቃለህ። ዘንድሮ ብሶበታል።

አምላክ በረከቱን ያብዛልህ።
እህትህ ሳሎታ


ኦክላንድ
መጋቢት 20 ቀን 2007

ለዓይኔ ብሌን ለእትዬ ሳሎታ፣

እህት የወንድሟ የዓይን ብሌን ናት እያሉ ያሳደጉንን አባቶቻችንን ነፍሳቸውን ይማር። የሁለት ወንድማማች ልጆች ነን እንጂ በአንድ ምንጣፍ ተኝተን ስላደግን የአጎቴ ልጅ ብዬሽ አላውቅም። ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለአጎት ቶማሲና ለቤቱ ሁሉ ይድረስ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት፣ የሥራ መኪና ውስጥ ነው። እንዴት ነው የሚያፈርሱት? ቅድመ አያታችንን ያደነቆረው እኮ ያ ቤት ነው! ከባሕሩ ሥር የኮራል ድንጋይ ሲያወጣ ጆሮው ፈንድቶ እስኪሞት ሌላው በእጅ ምልክት ነበር የሚያናግረው። ወንዶቹ ጠልቀው ያወጣሉ፣ ሴቶቹ በቅርጫት ይሸከማሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከማገዶ ጋር ይደረደርና ነዶ ነዶ ኖራ ይሆናል። በዚያ ኖራ ነው ያ ግድግዳ የቆመው።

ትዝ ይልሻል? ስብከቱ ሲረዝም ጉንጫችንን ግድግዳው ላይ ለጥፈን እንቀዘቅዝ ነበር። ውጭው እሳት ነው፣ ግድግዳው ግን የውኃ እንስራ ይመስል ነበር። አንቺ ከጎኔ ሆነሽ በማራገቢያሽ ጫፍ ጎኔን ትወጊኛለሽ፤ ስስቅ የምመታው እኔ። ከዚያ የእሑድ ምሳ፤ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለው ፓሉሳሚ፣ የኮኮናቱ ወተት በጣቶቻችን መሐል ሲፈስ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አውሮፕላን ስሳፈር ልብሴ ላይ የዚያ ግድግዳ ኖራ ነበረ። አክስቶቼ አራግፍ ሲሉኝ እንቢ አልኩ።

እዚህ የምሠራውን ታውቂያለሽ፤ አሮጌ ቤት ሲታደስ የብረት መወጣጫ እንተክላለን። አሁን ያለሁበት ሰፈር ድሮ የኛ ሰዎች ወለሉ በሰበሰ ቤት አምስት ቤተሰብ ሆነው የሚከራዩበት ነበር። ዛሬ ሀብታም ገብቶበታል፤ ቤቱም ቅርስ ሆኗል። ባለቤቱ አንዲት መስኮት ልቀይር ቢል ጎረቤት በጽሑፍ ይቃወማል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይሰበሰባል። ለሰው ጎጆ ይህን ያህል ከተጨነቁ ለኛ ቤተ ክርስቲያን ስንት ያስፈልጋል?

ስለዚህ እኔም ጻፍኩ። አሳማው የበላውን አድራሻ አፒያ ደውዬ አገኘሁት። ፔኒያሚና ብዬ ብፈርም ማን ይሰማኛል፤ ሌአቱሎ ብዬ ፈረምኩ። መዋጮዬንም ልኬአለሁ፤ ለአሮጌው ጣራ ማደሻ ይሁን። ለሸንጎው እኔው ራሴ አስረዳለሁ፣ አታስቢ።

ደኅና ሰንብቺልኝ።
ወንድምሽ ፔኒያሚና


ፋሌታሙ
ሰኔ 17 ቀን 2007

ለክቡር ሌአቱሎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በሕይወት አለን። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶናል። ለመሥሪያ ቤቱ የጻፉትም ደርሷል። አንዲት ሴት ከአፒያ ካሜራ ይዛ መጣች፤ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ መስኮቶቹን አየች፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ማፍረሱ ይቁም ብላ ሄደች። ሥራዋን ነው የሠራችው፤ ምሳም አብልተን ሸኘናት። ደንቡ ስለሆነ የተቃውሞውን ግልባጭ ለሸንጎው ሰጠች። ከሥሩ ሌአቱሎ ይላል።

ሌአቱሎ የእርስዎ ስም አይደለም። አደራ የተሰጠዎት የቤተሰቡ ስም ነው። እርስዎ ሲፈርሙ አጎት ቶማሲ ፈርሟል፣ እኔ ፈርሜአለሁ፣ እቅፍ ውስጥ ያለው ሕፃን ሳይቀር ፈርሟል። እነ ሌአቱሎ መንደሩ ተማክሮ የቆረጠውን ነገር መንግሥት ዘንድ ሄደው ከሰሱ ተባለ። አጎት ቶማሲ በሸንጎው ቤት ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የተደገፈበት ምሰሶ ዛሬ ባዶ ነው፤ እንዳይገባ ተነግሮታል። በየቀኑ ልብሱን ይለብስና መንገድ ዳር ይቀመጣል። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልታረቅን ቤተሰቡ ከመንደሩ ይወጣል ብለዋል። ወዴት እንደምንወጣ የነገረን የለም።

መዋጮዎን ሸንጎው አልተቀበለውም። እኔ ዘንድ ተቀምጧል።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ገንዘብ አይደለም። ማዕረጉን በተቀበሉ ዕለት የተሰጠዎትን የክብር ሰሌን ይላኩልን። የመጋቢው ልጅ በቅርቡ ከኦክላንድ ትመጣለች፤ በእሷ እጅ ይላኩ። ዝናብ እንዳያገኘው።

ሳሎታ


ኦክላንድ
ሐምሌ 2 ቀን 2007

እትዬ፣

እርስዎ? እኔን? ዱላ ብታነሺብኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም። ምን አጠፋሁ? አስተያየት ስጡ አሉ፣ ሰጠሁ። እዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን በጽሑፍ ተቃውሞ ማግሥቱን አጥር ተደግፈው ሻይ ሲጠጡ አያለሁ። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት “እነሱ የፈረሙት በገዛ ስማቸው ነው” አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ የብዕር ወለምታ ሆነና ማኅተም ተመታበት።

ሰሌኑን ከሳሎኑ ግድግዳ አወረድኩት። የልጆቼ ጓደኞች ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ለምን ትሰቅላላችሁ እያሉ ይስቁበት ነበር። ስጠቀልለው የቤታችን ሽታ መጣብኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለመጋቢው ልጅ ሰጥቻታለሁ።

ለምን እንደፈለግሽው ገብቶኛል። እንደ ደንባችን ይቅርታ ለመለመን ከዚያ ሰሌን ሥር ራሱን ሸፍኖ ፋቱማሌ ደጅ የሚቀመጠው እኔ ነኝ። አጎት ቶማሲ በዚያ ጉልበቱ እንዳይሞክረው። በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት ፈቃድ ይሰጡኛል፤ እመጣለሁ፣ ጠብቁኝ። ተቃውሞዬን ግን አላነሣም። ስለ ስሙ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ልክ ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም በይኝ፣ ግድ የለኝም።

ጠብቁኝ ብያለሁ።
ፔኒያሚና


ፋሌታሙ
ሐምሌ 19 ቀን 2007

ወንድሜ ፔኒያሚና፣

አልጠበቅንህም። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠህ ከሆነ መልሰው። ነገሩ አልቋል፤ ሰላም ነው፤ አጎት ቶማሲ ወደ ምሰሶው ተመልሷል። አሁን ተቀመጥና የሆነውን ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው።

ሰሌኑ በደረሰ ማግሥት አጎት ከሥሩ እሱ ሊገባ ተነሣ። ተነሣ ስልህ፣ መነሣት ጀመረ። እስኪነሣ ድረስ እኔ ሰሌኑን ይዤ ደጅ ነበርኩ።

“የት ነው ይዘሽው የምትሄጂው?” አለኝ።

“ፋቱማሌ ደጅ።”

“እብድ ነሽ? እህት እኮ ነሽ! ወንድም ነው ለእህቱ የሚዋረደው። እህት ለወንድሟ ከሰሌን ሥር ስትገባ ማን አይቶ ያውቃል?”

“ዛሬ ያያሉ።”

“ፔኒያሚና ጠብቁኝ ብሏል።”

“ተቃውሞውን ኪሱ ይዞ ከሰሌን ሥር አይገባም፣ አጎቴ። አምላክም ይስቅበታል።”

አጎት ማገዶውን አሸከመኝ።

ገና ጎህ ሳይቀድ ፋቱማሌ ደጅ ደረስኩ። ድንጋዩን፣ ማገዶውንና ቅጠሉን ፊቴ አኖርኩ። ጠብሳችሁ ብሉን ማለታችን ነው እንጂ ፋቱማሌ እኔን ጠብሶ ምን ሊያገኝ፣ አጥንት ነኝ። ሰሌኑን ራሴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። ከሰሌን ሥር ዓለም ትጠባለች፤ የገዛ ትንፋሽህን ብቻ ነው የምትሰማው። ዶሮ ጮኸ፣ ሰው ተነሣ፣ እግር መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ሄደ። ልጆች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ፀሐይ ወጥታ ጀርባዬን አቃጠለችው። ከቤቱ ድምፅ የለም። ሳይወጣ ቢቀርስ? አጎት በስተርጅናው መንገድ ለመንገድ ሊሆን ነው? ፈራሁ፣ ወንድሜ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ የፋቱማሌን ድምፅ ሰማሁ። “ማነው ከሥሩ? ቶማሲ ነው?”

ሚስቱ “ሳሎታ ናት” አለችው።

“የቷ ሳሎታ?”

“መንደሩ ውስጥ ስንት ሳሎታ አለን? ምላሷ የማያርፈው ናታ!”

ከዚያ እየሮጠ ወጣ፤ ሽርጡን እንኳ በወጉ አላሰረም ነበር አሉ። “ተነሺ፣ ተነሺ ሴትዮ! እህት ደጄ ተንበርክካ አረፈደች ተብዬ ልረገም? ተነሺ!”

“ሰሌኑን ከላዬ አንሱልኝና እነሣለሁ” አልኩት።

አነሣው። ቤት አስገቡኝ፣ ውኃ አጠጡኝ፣ ሸንጎው ተሰበሰበ፣ ንግግር ተደረገ፣ አለቀሱ፣ በሉ። ጉልበቴ ዛሬም አልተዘረጋም። ከአጎት ጋር እየተያየን እንስቃለን፤ ቤቱ የአንካሳ ቤት ሆኗል።

ከተበላ በኋላ ፋቱማሌ “ወንድምሽ ወረቀቱን ያነሣል?” አለኝ። “እጠይቀዋለሁ” አልኩት፤ ቃል አልገባሁለትም። የተንበረከክሁት ለስማችን ነው። ወረቀቱ ያንተ ነው፣ የፈለግኸውን አድርግ።

አሁን ግን የሆዴን ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ ያመኛል። ያ ቤት እንዲፈርስ እኔ እፈልግ ነበር። አዎ፣ እኔ። ከሴቶች ማኅበር ጋር ዳቦ ጋግረን እየሸጥን፣ ሰሌን እየሠራን ለአዲሱ ማጠራቀም ከጀመርን ስንት ዓመታችን! አንተ የምትወደው ግድግዳ ከጉንጭህ ሳይለይ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ላይ ቀርቷል። እኔ በየእሑዱ ባልዲ ይዤ የምገባው ሌላ ቤት ነው። የእናቴ ቀብር ዕለት ሬሳ ሣጥኑ ላይ ዝናብ እየተንጠባጠበበት አራት ሴቶች ጃንጥላ ይዘን ቆመን ነው የተዘመረላት። ይህን አልጻፍኩልህም፤ በሐዘን ላይ ሐዘን ልጨምርብህ አልፈለግሁም። አንተ ግን አንድ ጊዜም “እትዬ፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?” አላልከኝም።

ይኸው ወጣልኝ። አምላክ ይጠብቅህ።
ሳሎታ


ኦክላንድ
ነሐሴ 6 ቀን 2007

እትዬ፣

ለሰላምታም ለምርቃትም ፊት የለኝም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ሥራ ቦታ ከፍታ ላይ እንዳልወጣ አለቃዬን አስፈቅጄአለሁ፤ እጄን አላምነውም። የዓይኔን ብሌን አፈር ላይ አስቀምጬ እኔ ኦክላንድ ሆኜ ልክ ነኝ እያልኩ ነበር። አንቺ ይቅር ብትይኝም እኔ ለራሴ ይቅር የምለው አይመስለኝም።

የአክስቴ ቀብር ዕለት እንደዚያ እንደነበረ አላወቅሁም። የላካችሁልኝን ፎቶግራፍ አይቼ፣ ሴቶቹ ጃንጥላ የያዙት ለአክብሮት መስሎኝ ነበር።

ተቃውሞው ይነሣልን የሚል ጽፌ አያይዣለሁ። መጀመሪያ አጎት ቶማሲ ያንብበው። ቤተሰቡ ይቀመጥበት፣ ያልተስማማ አንድም ሰው ካለ አይላክ። ከሥሩ ፔኒያሚና ብዬ ፈርሜአለሁ። ሌአቱሎ የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ቤተሰቡ ከወደደ ይሙላው።

አልደብቅሽም፣ ወረቀቱን ስጽፍ ያ ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ ነበር። ቢፈርስ አዝናለሁ። አንቺ እዚያ ዝናብ ሲወርድብሽ ግን የባሰ አዝናለሁ።

እትዬ፣ ዘግይቼ ነው የምጠይቅሽ፤ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?

ፔኒያሚና


ፋሌታሙ
ኅዳር 4 ቀን 2008

ለማርፈድ እንጂ ለመቅረት ላልተፈጠረው ለወንድሜ ለሌአቱሎ ፔኒያሚና፣

ሰላም የሰጠን አምላክ ለአንተም ሰላሙን ያድልህ። ቤተሰቡ ተቀምጦ ወረቀትህን አነበበ። አጎት ቶማሲ “አሁን ገና እንደ ሌአቱሎ ጻፈ” አለና ስሙ እንዲሞላ አዘዘ። እኔው ሞላሁት፤ እጄ ጽሑፍ ያምርበታል።

ያቺ የአፒያ ሴት ተመልሳ መጣች። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ጣራውን አንድ ሳይቀር ለካች፣ ሣለች፣ ፎቶግራፍ አነሣች፤ አጎት ቶማሲንም ኖራ እንዴት ይቃጠል እንደነበረ አስለፈለፈችው። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ፈቃዱን ሰጠ። የሥዕሉ ቅጂ እዚህ አለ፤ ጠቅልዬ ላንተ አስቀምጬዋለሁ።

የመጨረሻው እሑድ ዝናብ ዘነበ። ምን ያደርጋል፣ ለመሰናበት የመጣ ነበር የሚመስለው። በሴቶቹ በኩል ወረደብን። ባልዲ ያመጣ የለም፣ ጃንጥላ የዘረጋም የለም። ከወንዶቹ ወገን ፋቱማሌ ተነሥቶ መጥቶ አጠገባችን ቆመና ርሶ ዘመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መዝሙሩ ሲያልቅ ማንም አልወጣም። እኔ፣ ይፍረስ ይፍረስ ስል የኖርኩት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሳቅብኝ ከፈለግህ።

ከዚያ ማፍረሱ ሆነ። ፋቱማሌ ማሽን አይነካውም አለ። ሲሠራ እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ግድግዳ ነበረና የገነባው፣ ሲፈርስም እያንዳንዱ የየራሱን ያፍርስ ተባለ። ኖራው እንደ ብረት ጠንክሮ ጎበዛዝቱ እጃቸው ተላጠ። ቅድመ አያቶቻችን ሲሠሩ አልቀለዱም። ሁሉም አፈረሰ፣ ሁሉም አለቀሰ፣ ድንጋዩም ለአዲሱ መሠረት ሆነ።

የኛ ሲደርስ የአጎት ልጆች መዶሻቸውን አነሡ። ፋቱማሌ ከለከላቸው። “የሌአቱሎ ግድግዳ በሌአቱሎ እጅ ነው የሚፈርሰው። እስኪመጣ ይቁም” አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሜዳው መሐል ብቻውን ቆሟል፣ አንዲት መስኮት ይዞ። በመስኮቷ ባሕሩ ይታያል። ሲሚንቶ የሚያቦኩት ሠራተኞች እጃቸውን አጣምረው አንተን እየጠበቁ ነው፤ የሚመገቡት ደግሞ ከኛ ቤት ነው። አሳማዎቻችን እያለቁ ስለሆነ ፍጠን።

ምን ትፈልጊያለሽ ላልከኝ፣ የማያፈስ ጣራ ነበር የምፈልገው፤ እሱን ላገኝ ነው። አሁን ደግሞ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ብቻህን እንድታፈርሰው አልተውህም፣ አንዱን መዶሻ እኔ እይዛለሁ። ጉንጭህን መለጠፍ ካማረህ ግን በጠዋት ሂድ፤ ሰው ሳያይህ።

ቅዳሜ ዕለት ከሱቅ ኖራ ገዛሁና ግድግዳውን በፊቱም በጀርባውም ቀባሁት። አጎት ቶማሲ መንገድ ዳር ሆኖ ሲያየኝ ቆየና፣ “አንቺ ሴት፣ ሊፈርስ ያለውን ምን ያስቀባሻል?” አለኝ።

“ወንድሜ እንደቆሸሸ እንዲያገኘው አልፈልግም” አልኩት።

እህትህ ሳሎታ